የሚያረካ ዋሻ እንዴት ይሠራል?

በጥንታዊ የጀብዱ ጌሞች ውስጥ ስላለው ዋሻ ለወላጆቻችንና ለአያቶቻችን የቀረበ ማብራሪያ

መግቢያ

በዚህ መጽሔት ውስጥ ጓደኞቻችን ስለ ስግድ በዓል፣ ስለ ሸክላ ሥራና ስለ አያቶቻችን መንደሮች ጽፈዋል። የእኛ ቡድን የመረጠው ርዕስ ግን ሲያዩት ከቅርስ ጋር የሚገናኝ አይመስልም። ርዕሳችን በቪዲዮ ጌም ውስጥ የሚገኘው ዋሻ ነው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት ቀላል ነው። በየቤታችን ወላጆቻችን ስክሪኑን እያዩ «ከዚህ ጨለማ ጉድጓድ ውስጥ ሰዓት ሙሉ ምን ትፈልጋላችሁ?» ይሉናል። እኛም ብዙውን ጊዜ በዕብራይስጥ «ስታም»፣ ማለትም «እንዲያው ነው» ብለን እናልፋለን። ጥያቄው ግን ጥሩ ጥያቄ ስለሆነ በአማርኛ በሚገባ ልንመልሰው ፈለግን።

በመጀመሪያ ዋሻ ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እናስረዳ። በጀብዱ ጌም ውስጥ አንድ ጀግና አለ። ይህ ጀግና በሜዳ፣ በመንደርና በተራራ እየተዘዋወረ ይጓዛል። በጉዞው ላይ አልፎ አልፎ አንድ መግቢያ ያገኛል። መግቢያው የዋሻ አፍ፣ የፈረሰ ቤተ መቅደስ፣ ግንብ ወይም የትልቅ ዛፍ ሆድ ሊሆን ይችላል። ወደ ውስጥ ሲዘልቅ በበር የተያያዙ ብዙ ክፍሎች ይጠብቁታል። አንዳንዱ በር የተቆለፈ ነው፤ አንዳንዱ ክፍል ወጥመድ አለበት፤ ጭራቆች አሉ፤ በሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ አለ፤ በመጨረሻም ከሁሉ የሚበልጥ አንድ ጭራቅ አለ። እርሱን ያሸነፈ ይወጣል።

እንዲህ ዓይነት ዋሻዎች በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። አንዳንዶቹን ከብዙ ዓመት በኋላም ክፍል በክፍል እናስታውሳቸዋለን፤ አንዳንዶቹን ግን በማግሥቱ እንረሳቸዋለን። ልዩነቱ ከምን የመጣ ነው? መልሳችንን ከወዲሁ በአጭሩ ብንናገር፣ የሚያረካ ዋሻ ማለት ሠሪው ተጫዋቹ እንዲጠፋ ብቻ ሳይሆን መንገዱን አግኝቶ እንዲወጣ አስቦ የሠራው ዋሻ ነው። ከዚህ በመቀጠል ይህን በዝርዝር እናያለን።

ስሙና ሦስት እውነተኛ ስፍራዎች

በእንግሊዝኛ ይህ ስፍራ «ደንጅን» ይባላል። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን መጀመሪያ የቤተ መንግሥትን ዋና ግንብ፣ በኋላ ደግሞ ከምድር በታች ያለውን እስር ቤት የሚያመለክት ሆነ። በዕብራይስጥ ጠባቡ የእስር ክፍል «ጺኖክ» ይባላል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ የወጣው «ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለው የጠረጴዛ ጨዋታ ወደ ዕብራይስጥ ሲመለስ «መቩኺም ኡድራኮኒም» ተባለ። «መቩኺም» እስር ቤት ማለት አይደለም፤ መንገዳቸው የተጠላለፈ፣ ሰው የሚጠፋባቸው ስፍራዎች ማለት ነው። ተርጓሚዎቹ እስራቱን ትተው መንገዱን መረጡ ማለት ነው።

በአማርኛስ? ለእስር ቤት ያለን ቃል ወህኒ ነው። ይህ ቃል የመጣው በጎንደር አካባቢ ከሚገኘው ከወህኒ አምባ ነው። በጎንደር ነገሥታት ዘመን የንጉሡ ወንድ ዘመዶች በዙፋን እንዳይጣሉ በዚህ ዙሪያው ገደል በሆነ ተራራ ላይ ይጠበቁ ነበር። ንጉሥ ሲሞት ከመካከላቸው አንዱ ወርዶ ይነግሣል፤ የቀሩት እዚያው ይቆያሉ። እንግዲህ ወህኒ የተሠራው ሰው እንዳይወጣ ነው።

ሁለተኛው ስፍራ ለቂርያት ጋት ቅርብ ነው። ከከተማችን በስተምሥራቅ የቤት ጉቭሪንና የማሬሻ ዋሻዎች ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። በዚያ ለስላሳ ነጭ ድንጋይ ውስጥ ወደ 3,500 የሚሆኑ ከመሬት በታች የተፈለፈሉ ክፍሎች አሉ። የወይራ ዘይት መጭመቂያ፣ የውኃ ማጠራቀሚያ፣ የርግብ ቤትና መቃብር ነበሩ። በዚህ አካባቢ ባር ኮክባ በሮማውያን ላይ ባመፀበት ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ132 እስከ 135 ገደማ፣ አይሁድ የተደበቁባቸው መተላለፊያዎችም ይገኛሉ። እነዚህ መተላለፊያዎች በጣም ጠባብ ናቸው፤ ሰው በደረቱ እየተሳበ ነው የሚያልፋቸው፤ በድንገትም ይታጠፋሉ። የገባ ወታደር ጋሻውን ይዞ ሊያልፍ፣ ከጓደኛው ጋር ጎን ለጎን ሊሄድ አይችልም። እንግዲህ ይህ ዋሻ የተሠራው ጠላት እንዳይገባ ነው።

ሦስተኛው ስፍራ በላስታ የሚገኘው ላሊበላ ነው። ላሊበላ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ቅዱስ ስፍራ ስለሆነ በአክብሮት ነው የምንጠቅሰው። ከአለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በምሥራቅ በኩል ባሉት አብያተ ክርስቲያናት መካከል፣ ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወገን ወደ ቤተ መርቆርዮስ የሚያሳልፍ ድቅድቅ ጨለማ የሆነ መተላለፊያ አለ። ሰዎች መብራት ሳይዙ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ ያልፉታል። ጨለማው የሲኦል ምሳሌ ነው ይባላል፤ መጨረሻው ግን ብርሃን ነው። እንግዲህ ይህ መተላለፊያ የተሠራው ሰው ጨለማውን እንዲያልፈው ነው።

የጌም ዋሻ መልኩን ከወህኒና ከመደበቂያ ዋሻ ወስዷል፤ ሰንሰለቱ፣ ጥበቱ፣ ወጥመዱ ከእነርሱ የመጣ ይመስላል። ዓላማው ግን ከሦስተኛው ጋር አንድ ነው። የተሠራው እንዲታለፍ ነው። ይህን የረሳ የጌም ሠሪ ወህኒ ይሠራል፤ ያልረሳ ግን ጥሩ ዋሻ ይሠራል።

አመጣጡ በአጭሩ

የመጀመሪያዎቹ የጌም ዋሻዎች በጣም ቀላል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1980 አታሪ ባወጣው «አድቬንቸር» ውስጥ ጀግናው አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ብቻ ነበር። በጨለማ መንገዶቹ ውስጥ የሚታየው በዙሪያው ያለው ትንሽ ቦታ ነው። ሠሪው ዋረን ሮቢኔት በዚያ ውስጥ የራሱ ስም የተጻፈበት ምስጢራዊ ክፍል ደብቆ ነበር። በ1981 የወጣውን «ዊዛርድሪ»ን የሚጫወቱ ሰዎች ደግሞ እንዳይጠፉ መንገዱን ባለ ካሬ ወረቀት ላይ በእርሳስ እየሳሉ ይጫወቱ ነበር።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1986 ኒንቴንዶ በጃፓን «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ»ን ሲያወጣ ነው። ከዋናዎቹ ሠሪዎች አንዱ የሆነው ሺገሩ ሚያሞቶ በልጅነቱ በኪዮቶ አካባቢ ሶኖቤ በተባለ ስፍራ ሲዘዋወር ዋሻ አግኝቶ በፋኖስ ብርሃን ውስጡን እንደተመለከተ ተናግሯል። ያንን ስሜት በጌሙ ውስጥ ሊያስገባው ፈለገ። በጌሙ ውስጥ 9 ዋሻዎች አሉ። በእያንዳንዱ ውስጥ ካርታና ኮምፓስ ይገኛሉ። እስከ ዛሬ ብዙ ጌሞች የሚከተሉት የአሠራር ሥርዓት ከዚያ የተቀዳ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። ኮምፒውተር ጌምን የሚያንቀሳቅሰው በቺፕ ነው። በከተማችን የኢንዱስትሪ ቀጠና ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1999 አንድ፣ በ2008 ደግሞ ሌላ የቺፕ ፋብሪካ ከፍቷል። ቺፕ ራሱ በዓይን የማይታዩ መስመሮች ፎቅ በፎቅ የተደራረቡበት ነው፤ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ኤሌክትሪክ ያልፋል ወይም ይከለከላል። እንደ በር ይከፈታል፣ ይዘጋል ማለት ነው። በስክሪን ላይ ያለው ዋሻ የሚሠራው እንዲህ ባለ ትንሽ ዋሻ ውስጥ ነው።

የሚያረካ ዋሻ አምስት ምልክቶች

1. የተዘጋውን በር ከቁልፉ አስቀድሞ ያሳያል

ቁልፍ አስቀድሞ አግኝቶ በሩን ከዚያ በኋላ ያየ ሰው ብዙም ደስ አይለውም። በሩን አስቀድሞ ያየ ግን ልቡ እዚያ ይቀራል። «እንዴት ልለፍ?» እያለ ይዞራል። ቁልፉን ባገኘ ጊዜ ወዴት እንደሚሮጥ ማንም አይነግረውም፤ ራሱ ያውቀዋል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በ1998 የወጣው «ኦካሪና ኦፍ ታይም» የመጀመሪያው ዋሻ ነው። ዋሻው የታላቁ የዴኩ ዛፍ ሆድ ነው። ጀግናው ሊንክ ሲገባ በወለሉ መካከል ወፍራም የሸረሪት ድር ያገኛል። ከድሩ በታች ሌላ ወለል እንዳለ ይታያል። በላዩ ላይ ቢዘልም ድሩ ይወዛወዛል እንጂ አይበጠስም። በሰይፍም አይቆረጥም። ተጫዋቹ ትቶት በዛፉ ግድግዳ ላይ ወደ ላይ ይወጣል። ሦስተኛው ፎቅ ደርሶ ወደ ታች ሲመለከት ያው ድር ከእግሩ ሥር በሩቁ ይታየዋል። ያን ጊዜ ይገባዋል። ከላይ ይዘላል፣ ድሩ ይበጠሳል፣ ከታች ካለው ውኃ ውስጥ ይወድቃል። የእኛ አባቶች «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ፤ እዚህ ግን ድሩን የፈታው ጉልበት ሳይሆን ከፍታ ነው። ማንም «ዝለል» አላለውም።

በላሊበላ ያለው ቤተ ጊዮርጊስም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። መንገደኛው መጀመሪያ የሚያየው ጣሪያውን ነው። በመስቀል ቅርጽ የተፈለፈለው ጣሪያ ከእግሩ ሥር ይታየዋል፤ በሩ ግን ሩቅ ነው። ወደ በሩ ለመድረስ በአለቱ ውስጥ የተቆፈረውን ቁልቁለት መንገድ ፈልጎ መውረድ አለበት። ያየውን ነገር የሚፈልግ ሰው አይሰለችም።

2. አንድ ዕቃ ብዙ ሥራ ይሠራል

በጥሩ ዋሻ ውስጥ ከሣጥን የሚወጣው ዕቃ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ አዲስ ችሎታ ነው። በዴኩ ዛፍ ውስጥ የሚገኘው ዕቃ ወንጭፍ ነው። ወንጭፍ ለአያቶቻችን እንግዳ አይደለም፤ በማሳ ላይ ወፍና ዝንጀሮ ይጠብቁበት ነበር። ሊንክም በመጀመሪያ ከፍ ብሎ የተሰቀለውን መሰላል ይጥልበታል፤ ቀጥሎ ግድግዳውን ዘግተው የተቀመጡትን ሸረሪቶች ያወርድበታል፤ በመጨረሻ ከትልቁ ጭራቅ ጋር ሲገናኝ ዓይኑን ይመታበታል። ዕቃው አንድ ነው፤ ትርጉሙ ግን በየክፍሉ እየሰፋ ይሄዳል።

በቅርስ ክፍል ስለ ሰምና ወርቅ ስንማር ይህ ትዝ አለን። በቅኔ ውስጥ አንድ ኅብረ ቃል በሰሙ አንድ ነገር፣ በወርቁ ሌላ ነገር ይናገራል። ሰሚው ሰሙን ብቻ ሰምቶ ቢያልፍ ምንም አልጎደለበትም፤ ወርቁን ሲያገኝ ግን ያው ቃል አዲስ ይሆንበታል። ጥሩ ዋሻም እንዲሁ ነው። ችቦው መጀመሪያ ብርሃን ብቻ ነው። በኋላ ችቦ ድርን እንደሚያቃጥል ስናውቅ፣ ያለፍንባቸውን ክፍሎች ሁሉ በሌላ ዓይን እናያቸዋለን።

3. ክፍሎቹ ብዙ ቢሆኑም ቤቱ አንድ ነው

አንዳንድ ዋሻ ክፍል ከክፍል ተቀጥሎ የተሠራ ረጅም ገመድ ይመስላል። ተጫዋቹ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ያለፈውን ዳግመኛ አያየውም። እንዲህ ያለው ዋሻ አይታወስም። የሚታወሰው መካከል ያለው ዋሻ ነው። በ«ኦካሪና ኦፍ ታይም» የጫካው ቤተ መቅደስ መካከል አራት ችቦዎች የበሩበት ትልቅ አዳራሽ አለ። ገና ሲገባ አራት መናፍስት እሳቱን ሰርቀው ይሄዳሉ፤ በመካከል ያለው ሊፍትም ወደ ታች ይወርዳል። ተጫዋቹ በዋሻው ዙሪያ እየተዘዋወረ መናፍስቱን አንድ በአንድ ያሸንፋል። አንዱን ባሸነፈ ቁጥር አንድ እሳት ወደ አዳራሹ ይመለሳል። ስለዚህ ምን ያህል እንደቀረው ለማወቅ ቁጥር ማንበብ አያስፈልገውም፤ አዳራሹን ማየት ይበቃዋል።

አቋራጭ መንገድም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው። ከረጅም ጉዞ በኋላ አንድ በር ከፍተን መጀመሪያ ከተነሳንበት አዳራሽ ብንወጣ፣ ያን ጊዜ የቤቱ አቀማመጥ በሙሉ በአእምሯችን ይሳላል። የማናውቀው ስፍራ የነበረው የምናውቀው ቤት ይሆናል። ለእኛ ከዋሻ ደስታዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው።

4. ቀስ በቀስ ያስተምራል

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፣ ጥሩ ዋሻ ያላስተማረውን አይጠይቅም። አዲስ ነገር መጀመሪያ አደጋ በሌለበት ክፍል ይታያል። ቀጥሎ ትንሽ አደጋ ይጨመርበታል። ከዚያ ከሌላ ነገር ጋር ይቀላቀላል። ትልቁ ጭራቅም እንደ ዓመቱ መጨረሻ ፈተና ነው፤ በዋሻው የተማርነውን ሁሉ ይጠይቀናል። ጭራቁ ጠንካራ ስለሆነ ብቻ ማሸነፉ አያስደስትም። የሚያስደስተው ስንገባ የማናውቀውን አሁን ማወቃችንን ስለሚያሳየን ነው።

በዜልዳ ጌሞች ውስጥ ምስጢር ሲፈታ የምትሰማ አንዲት አጭር ዜማ አለች። ያቺ ዜማ አያት ለልጅ «ጎሽ!» እንደምትለው ናት።

5. ታማኝ ነው

በቤታችን ሲመሽ እንቆቅልሽ መጫወት የቆየ ልማድ ነው። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልሽ» ይላል። መልሱን ያላወቀ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ የሚወደድ አገር ሰጥቶ መልሱን ይሰማል። መልሱን ሲሰማ «ይህን እንዴት አጣሁት!» ካለ እንቆቅልሹ ጥሩ ነበር። «ይህንን ማን ሊያውቅ ይችላል?» ካለ ግን ጠያቂው አታሏል።

ለዋሻም ሕጉ ይኸው ነው። በ1986ቱ ዜልዳ በቦምብ የሚፈርሱ ግድግዳዎች ከሌላው ግድግዳ ምንም ልዩነት አልነበራቸውም። ተጫዋቹ ካርታውን አይቶ «እዚህ ክፍል አለ፤ በር ግን የለውም» ብሎ ሊገምት ይችላል፤ ያ ጥሩ እንቆቅልሽ ነው። ፍንጭ በሌለበት ግን ግድግዳውን ሁሉ ከመሞከር በቀር አማራጭ አልነበረውም። በ1991 «ኤ ሊንክ ቱ ዘ ፓስት» ሲወጣ ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ግድግዳዎች ስንጥቅ ተደረገባቸው። በኋለኞቹ ጌሞች ደግሞ ግድግዳው በሰይፍ ሲነካ ባዶ እንደሆነ በድምፁ ያስታውቃል። ምስጢሩ ምስጢር ሆኖ ቀርቷል፤ ነገር ግን ዓይንና ጆሮ ያለው ሊያገኘው ይችላል።

የቁልፍ ቁጥርም የታማኝነት ጉዳይ ነው። በዜልዳ ትንንሾቹ ቁልፎች የትኛውንም የተቆለፈ በር ይከፍታሉ፤ አንድ ጊዜ ካገለገሉም ያልቃሉ። እንበልና ሁለት በሮች አሉ፤ በእጃችን ያለው ቁልፍ ግን አንድ ነው። ሁለተኛው ቁልፍ የሚገኘው ከአንደኛው በር ጀርባ ብቻ ቢሆንና ተጫዋቹ ሌላውን በር ቢከፍት፣ ለዘለዓለም ታስሮ ይቀራል። ስለዚህ ሠሪው ተጫዋቹ ሊመርጥ የሚችለውን መንገድ ሁሉ አስቀድሞ በልቡ ሊሄድበት ይገባል። ተጫዋቹ ይህንን ድካም አያየውም። ሆኖም የሚተማመነው በዚህ ድካም ላይ ነው።

ዋሻው ሲያስመርር

ከሁሉ ይልቅ ብዙ ተጫዋቾችን ያማረረው ዋሻ የ«ኦካሪና ኦፍ ታይም» የውኃ ቤተ መቅደስ ነው። ሐሳቡ ግን በጣም የሚያስደንቅ ነበር። ቤቱ በሙሉ በውኃ የተሞላ ሲሆን ተጫዋቹ በሦስት ቦታዎች ላይ ዜማ በመጫወት የውኃውን ከፍታ ወደ ሦስት ደረጃዎች ይለውጠዋል። ውኃው ሲወርድ አንዱ በር ይገኛል፣ ሌላው ይርቃል። አንድ ቤት ሦስት ቤት ሆነ ማለት ነው።

ታዲያ ምን አስመረረ? ብዙዎች «ከባድ ስለሆነ» ይላሉ። እኛ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው እንላለን። ወደ ውኃው ታች ለመውረድ የብረት ጫማ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ለመንሳፈፍ ደግሞ ማውለቅ። ጫማውን ለማድረግና ለማውለቅ በእያንዳንዱ ጊዜ ጌሙን አቁሞ ማውጫ መክፈት ግድ ነበር። አንድ ቁልፍ ያመለጠው ሰው ደግሞ ውኃውን ደጋግሞ እያወጣና እያወረደ ቤቱን በሙሉ ይፈትሻል። ድካሙ ከማሰብ የመጣ ሳይሆን ከመመላለስ የመጣ ነበር። ጌሙ በ2011 በድጋሚ ሲሠራ ጫማው በአንድ ንክኪ የሚደረግና የሚወልቅ ሆነ፤ ውኃው ወደሚለወጥባቸው ቦታዎች የሚመሩ ባለ ቀለም ምልክቶችም ተጨመሩ። እንቆቅልሹ ያው ነው፤ ምሬቱ ግን ቀነሰ። ስለዚህ ከባድ መሆንና አሰልቺ መሆን አንድ አይደሉም።

በ2017 የወጣው «ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» ሌላ መንገድ ሞከረ። በትልልቆቹ ዋሻዎች ምትክ 120 ትንንሽ መቅደሶችንና አራት ታላላቅ የእንስሳ ቅርጽ ያላቸው መሣሪያዎችን አቀረበ። ሜዳው እጅግ ሰፊና ነፃ ነው፤ መቅደሶቹም ብልህነት አላቸው። ነገር ግን በውስጣቸው ስለሚመሳሰሉ አንዱን ከሌላው ለይቶ ማስታወስ ያስቸግራል። ብዙ ተጫዋቾችም የድሮው ዋሻ ናፈቃቸው። በ2023 «ቲርስ ኦፍ ዘ ኪንግደም» ሲወጣ የየራሳቸው መልክ ያላቸው ቤተ መቅደሶች ተመለሱ።

በኢንዱስትሪው ቀጠና የተሳለ ዋሻ

ይህንን ሁሉ ለመፈተሽ በባለ ካሬ ደብተር ላይ አንድ ዋሻ ስለናል። ቦታውን ከሩቅ አገር አላመጣንም። የኢንዱስትሪ ቀጠናችንን የመሰለ፣ ሌሊት ባዶውን የቀረ አንድ የፈጠራ ፋብሪካ ነው። አሥራ ሁለት ክፍሎች አሉት። ጀግናዋ ስትገባ ከፊት ለፊቷ በእንጨት መደርደሪያ ላይ እስከ ጣሪያ የተቆለሉ ካርቶኖችን ታያለች፤ ከካርቶኖቹ ጀርባ የትልቅ በር ጫፍ ይታያል። ይህ አስቀድሞ የሚታየው የተዘጋ በር ነው።

ከሣጥን የሚገኘው ዕቃ ደግሞ የፎርክሊፍት ቁልፍ ነው። ፎርክሊፍት በቀጠናው የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው መኪና ነው። በመጀመሪያ መንገድ የዘጋውን ጭነት ያነሳል። ቀጥሎ ጭነቱን ደረጃ በደረጃ አስቀምጦ ወደ ላይኛው ፎቅ መወጣጫ ይሠራል። በመጨረሻ ጭራቁን፣ ማለትም በራሱ የሚንቀሳቀሰውን ትልቅ መጭመቂያ ማሽን፣ በጥርሱ መካከል ጭነት አስገብቶ ያቆመዋል። ማሽኑ ሲቆም የፋብሪካው ደወል ይደወላል፤ መብራቱ በየክፍሉ ተራ በተራ ይበራል፤ ትልቁ በርም ይከፈታል። በመጨረሻው ክፍል ያለው አቋራጭ ጀግናዋን መጀመሪያ ወደገባችበት በር ይመልሳታል። የቁልፎቹን ቁጥር ደግሞ በየመንገዱ በእርሳስ እየተከተልን ማንም ታስሮ እንደማይቀር አረጋግጠናል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንዳየነው የሚያረካ ዋሻ የተዘጋውን በር አስቀድሞ ያሳያል፤ ለአንድ ዕቃ ብዙ ትርጉም ይሰጣል፤ አንድ ቤት ሆኖ ይታወሳል፤ ቀስ በቀስ ያስተምራል፤ አያታልልም። አምስቱም ምልክቶች ከአንድ ነገር የሚመነጩ ናቸው። ከዋሻው በስተጀርባ እንድናልፍ የሚፈልግ ሰው አለ።

ይህን ስንጽፍ የወላጆቻችንና የአያቶቻችን ጉዞ በሐሳባችን ነበር። ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 ከነበረው የሙሴ ዘመቻ በፊት በሌሊት በእግራቸው ወደ ሱዳን ተጉዘዋል። ያ መንገድ ጨለማ፣ ሽፍታና ጥማት ነበረበት፤ በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ብዙ ሺህ ወገኖቻችን ሕይወታቸው አልፏል። ያን መንገድ አስቦ የሠራው፣ በየክፍሉ ፍንጭ ያስቀመጠ፣ ቁልፉን የቆጠረ ሰው አልነበረም። ስለዚህ በስክሪን ላይ ያለውን ጨለማ ከዚያ ጨለማ ጋር አናወዳድርም። ሊወዳደርም አይገባም።

ነገር ግን ለጥያቄያችሁ የምንሰጠው መልስ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ውድ ወላጆቻችን፣ «ከዚህ ጨለማ ጉድጓድ ውስጥ ምን ትፈልጋላችሁ?» ላላችሁን፦ የምንፈልገው የማናውቀውን ስፍራ ክፍል በክፍል እየዞርን የምናውቀው ቤት እስኪሆን ድረስ መልመድን ነው። እናንተ ይህን ያለ ካርታ አድርጋችሁታል። እኛ ደግሞ በሰላም ተቀምጠን ልንጫወተው ችለናል። በሚቀጥለው ጊዜ ስክሪኑ አጠገብ ስታልፉ እባካችሁ አጠገባችን ተቀመጡና «ያ በር በምን ይከፈታል?» ብላችሁ ጠይቁን። ካላወቅን አገር እንሰጣችኋለን።